«አጎቴ ‹ግድግዳ ለማስዋብ ገንዘብ ጨረስክ› ይሉኛል»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ እንደሌሎቹ የትዳር ወይም የፍቅር ስላልሆነ ግን ለመጻፍ አመንትቼ ነበር።

ደሴ ውስጥ ከአጎቴ ጋር የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጥገና እሠራለሁ። አባቴ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው። ያሳደጉኝም፣ ሙያውን ያስተማሩኝም አጎቴ ናቸው። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ የማይፈቱት ሞተር የለም። ጋራዣችን ግን እንደተዝረከረከ ነው። ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ ኩሽኔታው፣ ካንዴላው፣ ሁሉም በየጣሳውና በየማዳበሪያው ሆኖ ወለል ላይ ነው ያለው። አንዲት ዳዶ ስንፈልግ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቡቲክ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ባለ ቦይ ሰሌዳዎች በቅናሽ ገዛሁ። የልብስና የሞባይል ሱቆች ዕቃ የሚሰቅሉባቸው፣ አግድም ቦይ ቦይ ያላቸው ኤምዲኤፎች ናቸው። ጥቂት የብረት ክንዶችም አብረው ሰጡኝ። ሐሳቤ ዕቃውን ሁሉ ከወለል አንስቼ መስቀል ነበር። ለሰሌዳው ተብለው የተሠሩትን የፕላስቲክ መያዣዎች ዋጋ ስጠይቅ ግን ራሴን አዞረኝ። ስለዚህ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆረጥኩና ብሎን ሞላሁበት። ከክንዱ ጋር በሽቦ አስሬ ሰቀልኩት። ብዙም ሳይቆይ የቦዩ ጠርዝ ተገነጠለ፤ ጀሪካኑ ወደቀ። ብሎኑ ሁሉ የደንበኛ ባጃጅ ሥር ተበተነ። አጎቴ ደንበኛው እየሰማ «ግድግዳ ለማስዋብ ገንዘብ ጨረስክ። የእኔ ጣሳ ወድቆ ያውቃል?» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ልቤ ተሰብሯል። ሰሌዳውን ነቅዬ ልሽጠው ወይስ ተበድሬም ቢሆን እውነተኞቹን መያዣዎች ልግዛ? ከአጎቴ ጋር መቀያየም አልፈልግም። እልሁም አለቀቀኝም። ምን ይመክሩኛል?

መ. ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣ አብሽር። ጉዳይህ ከትዳር ጥያቄ አያንስም። ቀኑን ሙሉ አብሮህ የሚውል፣ ያውም ያሳደገህ ሰው፣ ደንበኛ ፊት ሲናገርህ ያማል። ዝም ማለትህም ደግ አድርገሃል። በዚያች ሰዓት የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ ከወደቀው ብሎን በላይ ለመልቀም ያስቸግራል።

እስቲ ለራስህ አንድ ነገር ጠይቅ። ይበልጥ ያስከፋህ የትኛው ነው? የጀሪካኑ መውደቅ ነው ወይስ ደንበኛው መስማቱ? የመጀመሪያው ከሆነ መፍትሔው ላሜራና ኮምፔርሳቶ (ፕላይውድ) ነው፤ አሁኑኑ እነግርሃለሁ። ሁለተኛው ከሆነ ግን ምንም ያህል ውድ መያዣ ብትገዛ አያሽርህም። ከአጎትህ ጋር መነጋገር ይኖርብሃል። እኔ እንደምገምተው ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም እናያለን።

ሰሌዳውን ነቅለህ አትሽጠው። ብድርም አትግባ። ዋናው ወጪ አንዴ ወጥቷል፤ የቀረው ብዙው በእጅህ ባለ ዕቃ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደወደቀ እንይ። ብሎን ከብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ሲበዛ ከምናስበው በላይ ይከብዳል። አንድ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ በብሎን ቢሞላ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ያንተ ጀሪካን 5 ሊትር የሚይዝ ነው። አፉን ቆርጠህ ግማሹን ብቻ ሞልተኸው ቢሆን እንኳ 10 ኪሎ ገደማ ሰቅለሃል ማለት ነው። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው ሸሚዝ ለመስቀል በተሠራ አንድ ክንድ ላይ ነው። ክንዱም የያዘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የቦዩ ከንፈር፣ ማለትም በኤምዲኤፉ ጠርዝ ነው። ኤምዲኤፍ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ እንጂ ግንድ አይደለም። ጠርዙ ሲሳብ ይፈነቀላል። አንዳንድ ሰሌዳዎች ቦያቸው ውስጥ ስስ የአልሙኒየም ሽፋን አላቸው፤ እነዚያ የተሻለ ይችላሉ። ያንተ ከተገነጠለ ያለ አልሙኒየም ይመስለኛል። ጠጋ ብለህ እየው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀቱ ነው። በሽቦ የታሰረ ጀሪካን ከግድግዳው ርቆ ይንጠለጠላል። ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ስትይዘውና እጅህን ዘርግተህ ስትይዘው ያለውን ልዩነት ታውቀዋለህ። ቦዩም የሚሰማው ይህንኑ ነው። በቁጥር ላሳይህ። የ4 ኪሎ ዕቃ የክብደቱ መሃል ከግድግዳው በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። የማንጠልጠያው ጀርባ፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ የሚደገፈው ክፍል፣ ከቦዩ በታች 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ፣ የቦዩን ከንፈር ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል 8 ኪሎ ያህል ይሆናል። ጀርባው 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ያው ዕቃ የሚስበው ከ3 ኪሎ ባነሰ ኃይል ነው። ዕቃው አልቀለለም፤ ጀርባው ስለረዘመ ነው። ይህችን ነገር ከያዝክ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ጀርባውን ረጅም አድርግ፤ ክብደቱን በአንድ ነጥብ ላይ ከመጣል በረጅም ቦይ ላይ በትነው፤ ዕቃውንም ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ምንም ሳትገዛ የምትጀምረው ባሉህ ክንዶች ነው። ቀጥ ካሉት አጠር ያሉትን ምረጥ፤ ወደ ታች ያዘነበሉት አይሆኑህም። ሁለቱን በአንድ ቦይ ላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አራርቀህ አስገባቸው። ከላያቸው አንድ ቁራጭ ጣውላ አጋድም። ጣውላው እንዳይንሸራተት ክንዶቹ ላይ በሽቦ ወይም በብሎን እሰረው። ከፊቱ ደግሞ ቀጭን እንጨት ምታበት፤ ቆርቆሮ እንዳይወድቅ ይከለክላል። በቃ፣ ትንሽ መደርደሪያ ሆነ። ዕቃው ተንጠልጥሎ ሳይሆን ተቀምጦ ነው የሚቆየው። እዚህ ላይ ቀላል ቀላሉን አድርግ፦ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ አምፖል፣ ጎሚኒ። ብሎን እዚህ አይወጣም።

ለብሎንና ለዳዶ ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋል። እኔ የምወደው ማጠፊያ ማሽን የማይጠይቀውን ማንጠልጠያ ነው። ሦስት ንብርብር አለው። ከኋላ ስስ የላሜራ ቁራጭ አለ፤ ወርዱ ከቦዩ አፍ ይሰፋል፤ ከቦዩ ውስጥ ግን ይጠባል። መሃል ላይ የቦዩ አፍ ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን እንጨት አለ፤ ውፍረቱ ከቦዩ ከንፈር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ከፊት ኮምፔርሳቶ አለ። ኮምፔርሳቶው ከቦዩ ጀምሮ ወደ ታች 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያ ነው ረጅሙ ጀርባህ። ሦስቱን ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ በሆኑ ትንንሽ ብሎኖች ታያይዛቸዋለህ። የብሎኑ ጭንቅላት ከላሜራው ኋላ፣ ዳዶው ከፊት ይሁን። ከዚያ ከሰሌዳው ጫፍ በኩል ላሜራውን ቦይ ውስጥ አስገብተህ ማንሸራተት ነው። ቦታው ሲደርስ ዳዶውን ጠበቅ ታደርገዋለህ። ርዝመቱን 60 ሳንቲ ሜትር አድርገው። አራት ወይም አምስት ትንንሽ መያዣ ይችላል። ክብደቱም በ60 ሳንቲ ሜትር ቦይ ላይ ይበተናል።

የሰሌዳው ሁለት ጫፍ በግድግዳ ከተዘጋና ከጎን ማስገባት ካልቻልክ ሌላ መንገድ አለ። ላሜራ የሚያጥፉ ሰዎች ጋ ሂድና 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሳጥፍ። መጀመሪያ ወደ ቦዩ ገባ ይላል፤ ከዚያ ከከንፈሩ ኋላ ወደ ላይ ይቆማል። የቀረው ከውጭ ወደ ታች ይወርዳል። አዘንብለህ ታስገባዋለህ፤ ስትለቀው ይቀመጣል። ግን በቃል አታስረዳቸው። ካርቶን ቆርጠህ፣ ቦዩ ውስጥ እየሞከርክ፣ ልክ ሲሆን ካርቶኑን ይዘህላቸው ሂድ። መጀመሪያ የአንድ ጣት ርዝመት ያላት ናሙና ብቻ አሠራ። አምጥተህ ሞክራት። ሳትሞክር ሙሉውን ካዘዝክና ባይገባ፣ አጎትህ ሌላ ንግግር ያገኛሉ። የቦዮቹ ርቀት በብዙ ሰሌዳዎች ላይ 7.6 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የቦዩ አፍና ጥልቀት ግን ከሰሌዳ ሰሌዳ ስለሚለያይ በራስህ ሜትር ለካ።

ይቺን ካርቶን ይዘህ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶችም ጎራ በል። ቁርጥራጭ አይጠፋቸውም። ከመካከላቸው ጠርዙ ከቦይህ ጋር የሚስማማ ካገኘህ ከላሜራው ይሻልሃል፤ አይዝግም፣ ቀላልም ነው።

መያዣዎቹን በተመለከተ፣ አንተ ጋ የሞተር ዘይት ዕቃ ሞልቷል። ባለ 1 ሊትሩ ለብሎን ይበቃል። ባለ 4 እና ባለ 5 ሊትሩን ለኬብልና ለፍሬን ሸራ አድርገው። ፊቱን ወደ ውስጥ አዘንብለህ ቁረጠው፤ ጀርባው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ይበል። እንዲህ ሲሆን ውስጡ ይታያል፤ እጅም ይገባል። በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠበው። ኮምፔርሳቶው ላይ በቪቴ (በጥምዝ ሚስማር) ስታስረው ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ሮንዴላ ጨምር። ሮንዴላ ከሌለው ፕላስቲኩ በቪቴው ዙሪያ ይቀደዳል። ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች ይበቃዋል። አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ቤንዚን የነበረበትን ዕቃ በጋለ ቢላም ሆነ በግራይንደር እንዳትቆርጥ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የሚቀረው ትነት ይቀጣጠላል። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ለዚህ ሥራ ጭራሽ አታስበው።

ከመስቀልህ በፊት እያንዳንዱን መያዣ ሰፈራችሁ ካለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። እኔ ያለ አልሙኒየም ቦይ ላይ ለአንድ ትንሽ መያዣ ከ2 እስከ 3 ኪሎ አላሳልፍም። ሞልቶ ከዚያ ከበለጠ ግማሹን ብቻ ሙላው። ትርፉ መሬት ላይ ይቀመጥ። ደግሞ ትልልቅ ኩሽኔታና የሞተር አካል ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? እሱ ቦታው ታች ነው። አጎትህ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

አዎ፣ ልክ ናቸው ስልህ ቅር አይበልህ። እሳቸው እነዚያን ጣሳዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቋቸዋል። የትኛው ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ በእጃቸው ነው የተማሩት። አንተ ዕቃውን ሁሉ ባንዴ ግድግዳ ላይ ልታወጣ ስትነሳ፣ እሳቸው በገዛ ጋራዣቸው እንግዳ ሆኑ። ይህን ነግረውህ አያውቁ ይሆናል። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው «ዕቃዬ ጠፋብኝ፣ ግራ ገባኝ» አይልም፤ «ገንዘብ ጨረስክ» ይላል። ከመጀመርህ በፊት አማክረሃቸው ነበር? ደብዳቤህ ላይ አልጠቀስከውም። ካላማከርካቸው አሁንም አልመሸም።

ማታ ሥራ ስትጨርሱ፣ ሻይ ቡና ስትሉ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ አንሳው። «አጎቴ፣ ደንበኛ ፊት ሲናገሩኝ ከፋኝ። ጥፋቴን ግን አይቻለሁ፤ ክብደቱን አላሰብኩም» በላቸው። አስቀድመህ የራስህን ካመንክ የቀረውን ለመስማት ይቀላቸዋል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው። «በቀን አሥሬ የሚያነሷቸው የትኞቹ ናቸው?» የሚሉህን ብቻ ስቀል። የመጀመሪያዋን ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ማንጠልጠያ የት እንደምትሰቀል እሳቸው ይምረጡ። ቁመቷም በእሳቸው ትከሻ ልክ ትሁን። በወረቀት ስም ከመለጠፍ ይልቅ ከውስጥ ያለውን አንዱን ብሎን ከመያዣው ፊት በሽቦ እሰረው። መነጽር ሳይፈልጉ ያዩታል። የቀሩት ጣሳዎች ባሉበት ይቆዩ። ሌላውን ራሳቸው እስኪጠይቁህ ድረስ አትንካው።

ምናልባት መያዣውን አውርደው ባጃጁ አጠገብ ወስደው መሥራት ይፈልጉ ይሆናል። ብዙ መካኒክ እንደዚያ ነው። ያኔ በቪቴ ከማሰር ይልቅ አናጺ ጋ ሂድና አንድ ጣውላ በ45 ዲግሪ ለሁለት አሰንጥቅ። አንዱን ግማሽ ሹሉ ወደ ላይ፣ ተዳፋቱ ወደ ግድግዳው እንዲዞር አድርገህ ኮምፔርሳቶው ላይ ምታው። ሌላውን ገልብጠህ በየመያዣው ጀርባ እሰረው። አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣል፤ ሲፈልጉ ወደ ላይ ነቅለው ይወስዱታል። ትንሽ ሥራ ይጨምራል። እሳቸው ከተጠቀሙበት ግን ያዋጣል።

የተገነጠለውን ጠርዝ በእንጨት ኮላ ለጥፈህ፣ በሞርሳ ወይም በክብደት አስጨንቀህ አሳድረው። ዳግመኛ ግን ክብደት አታሸክመው። የሥራ ልብስ ወይም ቁልፍ ይሰቀልበት።

የግድግዳውን ነገር አልጻፍክልኝም። ሰሌዳው የተመታው ብሎኬት ላይ ነው ወይስ ጭቃ ላይ? ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ቪቴውን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) አንዳንዴ ይዞራል፤ ጥብቅ መሆኑን ጎትተህ አረጋግጥ። ጭቃ ከሆነ ጭቃው ምንም አይዝም። ከውስጡ ያለውን ቋሚ እንጨት በመዶሻ እያንኳኳህ ፈልገህ እሱ ላይ መምታት አለብህ። በሁለቱም ቢሆን ከሰሌዳው ጀርባ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ቀጭን እንጨት) በቁም ብታስገባ ጥሩ ነው። ክብደቱን ይካፈላል። ከሰሌዳውና ከግድግዳው መሃልም አየር ይገባል። ይህ ለደሴ ሰው የቅንጦት ነገር አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጉሙ ግድግዳ ያረጥባል። ኤምዲኤፍ ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ አይመለስም። ኮምቦልቻ ወርደህ ብትሠራ ይህን ያህል አልመክርህም ነበር። አንተ ግን ሰሌዳውን ከወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው። የተቆረጡ ጠርዞቹን ሁሉ ዘይት ቀለም ቀባቸው። ይህን ከሰኔ በፊት ጨርሰው።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ አከራዩንም ግድግዳው እንደገና ሳይበሳ አናግራቸው። ስትለቁ ሰሌዳውን ነቅላችሁ፣ ቀዳዳውን ደፍናችሁ እንደምትሄዱ ቀድመው ይወቁ።

አንዷን ሰቅለህ ስትጨርስ ቶሎ አትሙላት። በትንሹ ጀምር፤ ከሥሯ ባጃጅ አታቁም። በየማታው ቦዩን በጣትህ ዳብሰው፤ ከንፈሩ ወደ ውጭ መጎበጥ ከጀመረ ቀንስለት። ሳምንት ካለፋት ሁለተኛዋን ሥራ። አጎትህ የመረጧት ቦታ ላይ ምን እንደሰቀላችሁ፣ ግድግዳውም ከምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ጭቃ ከሆነ ስለ አመታቱ በሰፊው እመልስልሃለሁ።